ለኩላሊት ማጣበቂያ ፍለጋ ከጅማ መርካቶ

እህቴ ትርሲት ከመሞቷ በፊት የነበረው ቀን ተራ ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘነበ፤ ጅማ መቼ የማይዘንብበት ቀን አለና። እናታችን በረንዳው ላይ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። እኔ ከምሠራበት የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ገና መግባቴ ነው። ትርሲት ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ እስከ ቁምሳጥኑ አንሶላ ወጥራ ጠበቀችኝ።

«ና፣ ህዋስ ሁን» አለችኝ።

ትርሲት የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። በወላጆች በዓል ቀን ተማሪዎቿ ኩላሊት በጽንስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በሰው አካል እንዲያሳዩ ትፈልግ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ህዋስ ይሆናል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልገፋሁም። ስለዚህ ትምህርቱን መጀመሪያ በእኔ ላይ ትሞክረው ነበር። «አንተ ከገባህ ለሁሉም ይገባል» ትለኛለች። ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እንደነገረችኝ ከሆነ ኩላሊት ሲጀመር ኩላሊት አይመስልም። አንዲት ትንሽ ቱቦ እንደ ቡቃያ ታቆጠቁጣለች። በዙሪያዋ ገና ምንም ያልሆኑ፣ የተበተኑ ህዋሳት አሉ። እነዚህ ህዋሳት ገላቸው ላይ መያዣ አላቸው፤ መጽሐፉ ተቀባይ ይለዋል። ቡቃያዋ ደግሞ ያ ተቀባይ የሚይዘውን ነገር ይዛ ትመጣለች። ሲገናኙ ይያያዛሉ። መያያዙ ከሌለ ቡቃያዋ ወደ ውስጥ አትዘልቅም፤ ልጁም ያለ ኩላሊት ሊቀር ይችላል። ከተያያዙ ግን የተበተኑት ተሰብስበው ድቡልቡል ይሆናሉ። ከዚያ መሃላቸው ይከፈትና ቀጭን ቱቦ ይወጣቸዋል።

ያን ቀን ትርሲት ከአሮጌ ቦርሳ ማጣበቂያ ጨርቅ ቀደደች። ልጆች ጫማ ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ሲላቀቅ «ቸርር» ይላል። አንዱን ቁራጭ አንሶላው ላይ ሰፋች፤ ሌላውን በመርፌ ቁልፍ ሸሚዜ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ አደረገችው። ከዚያ ገፋ አድርጋ አንሶላው ላይ ለጠፈችኝ።

«ለምን ጀርባዬ ላይ? እጄ ላይ አይሻልም? ሰው የሚይዘው በእጁ ነው» አልኳት።

«ነገ እነግርሃለሁ። እስከዚያ አስብበት።»

ውኃውስ ማነው ብዬ ጠየቅኋት፤ ቱቦ ካለ ውኃ መኖር አለበት። «ውኃው እኔ ነኝ» አለች፤ አንሶላውን ተከትላ እየጨፈረች በፊቴ አለፈች። እናታችን ጎመኑን እንደያዘች ከበረንዳ ሆና ሳቀች።

በማግስቱ ትርሲት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ይህ ጽሑፍም ስለዚያ አይደለም። ስለ መንገዱ ነው።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ተማሪዎቿ ቤታችን መጡ። ትምህርት ቤቱ በዓሉን ለእሷ ሲል አዘግይቶ ቅዳሜ ሊያደርገው ነው። «የቲቸርን ኩላሊት መሥራት እንፈልጋለን» አሉኝ። ሞከርን። በየመዳፋቸው ማጣበቂያ አደረግሁ፤ እኔ እጅ ይሻላል ባይ ነበርኩ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያያዙና አንድ ትልቅ ጉብታ ሆኑ። መሃሉ የት ይከፈት? ከውስጥ አንዷ «ጋሼ፣ እግሬን አጣሁት» እያለች ትጮሃለች። ከዚያ የክፍሉ አለቃ፣ ሀና የምትባል ልጅ፣ ቲቸር ጀርባ ላይ ነው ብላ እንደነበር አስታወሰችኝ። ለምን ጀርባ ላይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ስልኬ ላይ ፈለግሁ፤ እንግሊዝኛው ከአቅሜ በላይ ሆነ።

ማጣበቂያውም በቂ አልነበረም። ጅማ ውስጥ በቁራጭ እንጂ በጥቅል አላገኘሁም። የሱቃችን ባለቤት ፈቃድ ሰጡኝና አዲስ አበባ መርካቶ ያለ የደንበኛቸውን ስልክ ጻፉልኝ። እንግዲህ ሁለት ነገር ይዤ መመለስ ነበረብኝ፤ ማጣበቂያውንና የጥያቄውን መልስ። የመጀመሪያውን እንደማገኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ከጅማ መናኸሪያ የተነሳው ሳይነጋ ነው። እዚያ ለሚቀበሉኝ ሰዎች ብዬ በትንሽ ጄሪካን ማር ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ከጅማ አጠገብ ከሰቃ የመጡ እናት ነበሩ፤ አዲስ አበባ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ገና ከከተማ ሳንወጣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ለምን ጥቁር እንደለበስኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እጄን ያዙት፤ እስኪነጋ ድረስ አለቀቁትም። ደግ ሴት ነበሩ፤ ቢሆንም እጄ ደነዘዘ።

የጊቤን ቁልቁለት ሰዎች ብዙ ጊዜ አውርተውልኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሙቀት ሲባል ዝናቡ ያባራ ማለት ነው። ጊቤ ላይ ሙቀቱ እንደ ምድጃ በመስኮት ይገባል። ተራራው ገደል ገደሉን ይወርዳል፤ ወንዙ ከታች ይታያል። ስለ ውበቱ ብዙ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኔ አላየሁትም፤ ማሩ ፈሶ ነበርና።

በመጠምዘዣዎቹ የጄሪካኑ ክዳን ተከፍቷል። ማሩ ከወንበራችን ሥር ጀምሮ ወደ ፊት ወረደ። እናቲቱ እግራቸውን ሊያነሱ ሲሉ ጫማቸው ወለሉ ላይ ቀረ።

«አንተ ልጅ፣ ጫማዬን ከመኪናው ጋር ዳርከው» አሉኝ።

ረዳቱ ተቆጥቶ መጣ። ስንት ሰው በሽንኩርት ስንት ሰው በቅቤ መኪናውን ሲያበላሽበት እንደኖረ፣ በማር ግን እኔ የመጀመሪያው እንደሆንኩ ነገረኝ። ከዚያ ጄሪካኑ ውስጥ የተረፈውን አየ፤ አሸተተው። ከኪሱ ዳቦ አወጣ። እስከ ወልቂጤ ድረስ ግማሹ ተሳፋሪ ዳቦ እየነከረ በላ። ጫማ በተላቀቀ ቁጥር ሳቅ ነው።

በዚያ መሃል ትርሲት ትዝ አለችኝ። ማጣበቂያ ጨርቅ ከምትቀድ ለምን ሙጫ አታደርግም ብያት ነበር። ሙጫ ይይዛል እንጂ መልቀቅ አያውቅም አለችኝ። ህዋስ ይዞ ብቻ ከቀረ አንድ ቦታ ይደርቃል፤ ከፊት እየያዘ፣ ከኋላ እየለቀቀ ነው የሚሄደው። ይህን ለእናቲቱ ነገርኳቸው። ጫማቸውን እየጎተቱ «እህትህ ይህን መኪና አይታዋለች» አሉ። ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ሲወራ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ወልቂጤ ላይ ምሳ ክትፎ በላሁ። እኛም ዘንድ ክትፎ አለ፤ ይህ ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብል ይሻላል። ከወሊሶ በኋላ ብርዱ ጀመረ። አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ደረስን።

የሱቃችን ባለቤት ደንበኛ ጋሽ ከድር ራሳቸው መጥተው ይጠብቁኝ ነበር። ከወራቤ በወጣትነታቸው መጥተው መርካቶ ውስጥ በፕላስቲክ ጫማ ጅምላ ንግድ ያረጁ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። እንዴት አወቁኝ ብላቸው «ንብ ተከትሎህ መጣ» አሉኝ።

ቤታቸው ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከሱቆቹ ጀርባ፣ ጠባብ ደረጃ ያለው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሙቅ ውኃ አቀረቡልኝ፤ እግሬን ከካልሲዬ ለማላቀቅ ጭምር። ራት ቆጮ በአይብና በጎመን ነበር። የተረፈችውን ማር በስኒ አድርገው መሃል አስቀመጧት። ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። መናገር ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ እነሱ ግን ታግሠው ጠበቁኝ። ጋሽ ከድር መጨረሻ ላይ «አላህ ያጽናችሁ» አሉ፤ ቆየት ብለውም «ኩላሊት ግን ሲጀመር ቱቦ መሆኑን ዛሬ ሰማሁ» አሉ።

ረቡዕ

ጠዋት ጋሽ ከድር ፉል ቤት ወሰዱኝ። ጾም ስለሆነ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል አዘዙልኝ። እኔ ሳልናገር ነው። ሰው በብዛት አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይበላል፤ የማላውቀው ሰው ክርን ከእኔ ሳህን በላይ ያልፋል።

እኛም ከተማ መርካቶ የሚባል ገበያ አለን። ስሙን ያወጡት ሰዎች ይህንን አላዩም ማለት ነው፤ ወይም አይተው ቀልደዋል። በእኛ መርካቶ ሰው ዘመድ ሲያገኝ መንገድ መሃል ቆሞ ይሳሳማል። እዚህ ለሰላምታ የቆመ ይገፈተራል። በእኛ ዘንድ አንድ ሱቅ ሁሉን ይሸጣል፤ ከመርፌ እስከ ሚስማር። እዚህ ሙሉ መስመር አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዱ መስመር ባልዲ፣ ባልዲ፣ ባልዲ። ሌላው ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያ። መጀመሪያ ሁሉም እንዴት ይሸጥላቸዋል ብዬ አሰብኩ። በኋላ ገባኝ፤ ባልዲ የፈለገ ሰው ወደዚያ ይሄዳላ።

ጋሽ ከድር ሱቃቸውን መክፈት ስላለባቸው መንገዱን በጣታቸው አሳይተው ለቀቁኝ። አንድ ምክር ሰጡኝ። ሸክም ሲመጣ ፊትህን ለመንገዱ፣ ጀርባህን ለሱቁ አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ግን ልብ አላልኩትም። ብዙም ሳልርቅ ከኋላዬ «መንገድ! መንገድ!» የሚል ሰማሁ። ማን እንደሆነ ለማየት መሃል ላይ ቆሜ ዞርኩ። ቤት የሚያክል የጨርቅ ቦንዳ በሁለት እግር ይመጣል። ተሸካሚው ከሥር አይታይም። ቀጥሎ ራሴን ያገኘሁት ባልዲዎች መሃል ተቀምጬ ነው። ማንም አልተቆጣም። ባለ ባልዲው አነሳኝ፣ አቧራዬን አራገፈ፣ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቀኝ፣ አንድ ባልዲ እንድገዛም ሞከረ።

የልብስ ስፌት ዕቃ የሚሸጥበት መስመር ላይ ሰሚራ የምትባል ወጣት ነጋዴ አገኘሁ። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ክር። በአንድ ጆሮዋ ስልክ፣ በአንድ ጆሮዋ እኔ። ማጣበቂያውን በላስቲክ የተጠቀለለ ትልልቅ ጥቅል አድርጋ አወጣችልኝ። እኔ ከልጆች ጫማ የማውቀው ሁለቱ ወገን ቀለሙ ሲለያይ ነው። ስለዚህ አንድ ቀይና አንድ ነጭ መረጥኩ፤ ጥንዶቹ እነሱ መስለውኝ። እሷ ምንም አላለችም፤ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው መስያት ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል የሚያውቅ ሰው መስዬ አላውቅም።

ለምሳ እትዬ ዘይነባ ጠሩኝ። ከበሩ ጀምሮ የሥጋ ወጥ ይሸታል። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳዬ ክርስቲያን ነው፣ የእኛን ሥጋ አይበላም ብለው፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የምትኖር ጓደኛቸውን እትዬ አስቴርን ጠርተዋል። እትዬ አስቴር ሥጋውን ከክርስቲያን ልኳንዳ ገዝታ፣ የራሷን ድስት ተሸክማ መጥታ፣ እዚያው ሠርታልኛለች። ሁለቱም ቆመው እስክቀምስ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ እንጀራውን ይዤ ቀረሁ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አልኩ፤ ቀስ ብዬ።

እትዬ ዘይነባ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ረቡዕ እንዴት ይረሳሻል?»

«እኔ ጴንጤ ነኝ። እኛ ዘንድ ረቡዕ ማለት የማክሰኞ ወንድም ነው።»

ከዚያ እትዬ ዘይነባ መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። እሳቸው ድስቱን አይነኩም፣ እንግዳው ይጾማል። እትዬ አስቴር ብቻዋን ቀረበችና በላች። ሌሎቻችን የትናንቱን ጎመን እየበላን በክብር ተመለከትናት። የተረፈውን ለነገ ብላ በድስቷ ይዛ ሄደች።

ማታ የገዛሁትን ለማሳየት ጥቅሎቹን ፈታሁ። ቀዩን ከነጩ አገናኘሁ። አልያዘም። ጫን አልኩ። አልያዘም። ጋሽ ከድር ሞከሩ፣ እትዬ ዘይነባ ሞከሩ። እጃችንን ከመቧጨር በቀር ምንም። ጋሽ ከድር ተበላሽቶ ይሆናል አሉ። እኔ ግን ልጆቹን አሰብኩ። ሀና ከሁሉም ቤት አንሶላ ሰብስባ ነበር። አውቶቡሱ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። የቀረኝ ሐሙስ ብቻ ነው። እና እንኳን መልሱን፣ ማጣበቂያውንም አላገኘሁም።

ሐሙስ

ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ለሠራተኛ ትተው አብረውኝ ወጡ። እሳቸው ነጩን ጥቅል ይዘው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቀዩን ጥቅል በትከሻዬ አንግቼዋለሁ፤ ጫፉ ተፈትቶ በጀርባዬ ላይ ወርዷል።

ብርድ ልብስ የሚሸጥበት መስመር ላይ «መንገድ! መንገድ!» ተባለ። ዛሬ ሰምቻለሁ። ፊቴን ለመንገዱ ሰጠሁ፣ ጀርባዬን ወደ ሱቁ ገፋሁ። ሁሉም እንዲሁ አደረገ። ከወዲህ ማዶ ተራ ሰው፣ ከወዲያ ማዶ ተራ ሰው። ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን፣ ጀርባችን ሱቁ ላይ፣ ፊታችን ወደ መሃል። አሁን ትርምስ የነበረው መንገድ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ቀጥ ያለ፣ ንጹህ መተላለፊያ ተከፈተ። ተሸካሚው ከነቦንዳው ማንንም ሳይነካ በመሃላችን አለፈ።

ሰው ሁሉ ተላቆ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ልሄድ ስል አልቻልኩም።

ከኋላዬ የሆነ ነገር ይዞኛል። ስጎትት «ቸርር» አለ። ስዞር አንድ ለስላሳ ብርድ ልብስ ከነማንጠልጠያው ተከትሎኛል። ባለሱቁ ወጣ።

«ጅማ» አለኝ፤ አገሬን እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፤ ምናልባት ባለ ባልዲው ነግሮታል። «ብርድ ልብሱን ከወደድከው መግዛት ነው እንጂ መጥለፍ ምን ይባላል?»

ጋሽ ከድር ተመልሰው መጡ፤ አዩኝና ሳቁ። እኔ ግን እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ እንደተለጠፍኩ ቆሜ ነበር። የቆምኩት እህቴ ባቆመችኝ ዓይነት ነበር። ጀርባዬ ተይዟል። ፊቴ ክፍት ነው። በፊቴ ሸክም አልፏል።

ገባኝ። ለእናንተ ምናልባት ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን መርካቶ ድረስ መምጣት ጠይቆኛል። ህዋሳቱ እርስ በርስ ብቻ ቢያያዙ ጉብታ ይሆናሉ፤ ልጆቹ እንደሆኑት። በዙሪያቸው ግን ትርሲት በአንሶላ ያሳየችኝ ስስ ምንጣፍ አለ፤ ተቀባዮቻቸው እሱን በጀርባ በኩል ይይዛሉ። በጀርባው የያዘ ህዋስ ፊቱ የት እንደሆነ ያውቃል። ሁሉም ፊቱን ወደ መሃል ሲያደርግ መሃሉ ይከፈታል፤ ውኃው መንገድ ያገኛል። ትርሲት ነገ እነግርሃለሁ ያለችኝ ይህንን ነበር። አስብበት ብላኝ ነበርና አሰብኩበት፤ ትንሽ ዘገየሁ እንጂ።

ሌላውም አብሮ ገባኝ። ሻካራው የያዘው ለስላሳውን ነው። እኔ የገዛሁት ሻካራና ሻካራ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ይለያያል። መያዣና የሚያዝ ካልሆኑ፣ ሁለት መያዣ እርስ በርስ ምን ይይዛል? ይህንንም ሳሎን ውስጥ ነግራኝ ነበር፤ ከእነ ቡቃያዋ።

ሰሚራ ሱቅ ስንደርስ ገና መክፈቷ ነው። ጥቅሉን ከትከሻዬ ሳወርድ ፊቷ ተለወጠ። ገና የመጀመሪያ ገዢ ሳይመጣላት ዕቃ የሚመልስ ሰው ደጇ ላይ ሲቆም የቀኑን ገበያ ይዞ ይሄዳል አለች። መለወጡን እሺ፣ ግን መጀመሪያ ሰው ይግዛኝ ብላም ጨመረች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ወይም አለና እኔ አላውቅም። አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ገዢ ጠበቅን። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ይዳስሳል፣ ያልፋል። ሰሚራ ባየችኝ ቁጥር በረጅሙ ትተነፍሳለች። ጋሽ ከድር መጨረሻ ላይ ብድግ አሉና፣ እንደማያውቋት ሰው ወደ ደጅ ወጥተው፣ ተመልሰው ገቡ።

«እንዴት አደርሽ፣ ቁልፍ አለሽ?»

«ምን ዓይነት ቁልፍ፣ ጋሼ?»

«ያለሽን።»

አንድ ከረጢት ቁልፍ ገዙ። ዋጋ ተከራከሩ፤ ካልተከራከሩ አይቆጠርም መሰለኝ። ሰሚራ ገንዘቡን ግንባሯ ላይ ነካ አደረገችና ወዲያው ፈገግ አለች። ነጩን ሻካራ ወስዳ በምትኩ ለስላሳ ሰጠችኝ። ቀዩን አስነካሁት። ያዘ። ሳላቅቀው «ቸርር» አለ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እስክጨርስ ስልኳን አላነሳችም። ስወጣ አንድ ጥቅል ላስቲክ ጨምራ ሰጠችኝ። ኩላሊቱ ላስቲክ እንደማያስፈልገው ብነግራትም «ለቲቸሯ ነው» አለችኝ።

ምሳ እትዬ አስቴር ቤት፣ ተክለ ሃይማኖት፣ የትናንቱን ወጥ በላሁ። እውነት ለመናገር አድሮ ነው የጣፈጠው።

ዓርብ

ጋሽ ከድር ሳይነጋ ሸኙኝ። ከአውቶቡሱ በር ላይ የቁልፉን ከረጢት እጄ ላይ አደረጉት፤ እኔ ጫማ ነጋዴ ነኝ፣ ቁልፍ ምን ያደርግልኛል አሉ። እትዬ ዘይነባ ጄሪካኑን አጥበው ቆሎ ሞልተው መልሰውልኛል። ክዳኑን በክር አስረውታል።

ጊቤን በዚህኛው ጉዞ አየሁት። ያምራል። ይህንን ብቻ ነው የምጽፈው።

ቤት ስደርስ እናታችን ነጠላዋን ዘቅዝቃ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ነገ ነይ አልኳት። ሕዝብ መሃል ገና አልወጣም አለች። አላስቸገርኳትም። ሀናና ጓደኞቿ መጡ፤ እስኪመሽ ቆርጠን ሰፋን።

ቅዳሜ ጠዋት

ከሁሉም ቀድሜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አንሶላዎቹን በሁለት መስመር ወጠርኩ፤ ለስላሳውን አንሶላው ላይ፣ ሻካራውን ልጆቹ ጀርባ ላይ። ሀናን ለብቻ ጠርቼ ለምን ጀርባ ላይ እንደሆነ ነገርኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኳት፤ ሌሎቹን እሷ አስረዳቻቸው፤ ከእኔ ይልቅ በደንብ።

ወላጆች ተቀመጡ። ቡቃያዋን የሆኑት ልጆች በአንድ መስመር ገቡ። የተበተኑት ያዟቸው፣ ለቀቁ፣ ፊት ሄደው እንደገና ያዙ። «ቸርር፣ ቸርር» ሲል ወላጆች ይስቃሉ። ድቡልቡል ሆኑ፤ አሁንም አንዷ እግሯን አጣች። ከዚያ ሀና አጨበጨበችና ሁሉም ጀርባውን ለአንሶላው ሰጠ። ተለጠፉ። መሃሉ ተከፈተ። ከዳር እስከ ዳር ባዶ፣ ቀጥ ያለ መንገድ።

የመስመሩ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ቀርቶ ነበር። ጀርባዬ ላይ ቁራጭ ለጥፌ ገባሁበት።

ውኃው ማን እንደሚሆን ልጆቹ አልተስማሙም ነበር። ማንም የቲቸርን ቦታ ሊወስድ አልፈለገም። መንገዱ ተከፍቶ ባዶውን ቆየ። ሰው መሳቁን አቆመ። ያን ጊዜ ሀና ከአንሶላው ተላቀቀችና ወደ በሩ ሄደች። ዞር ብዬ ሳይ እናታችን በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

«እማማ፣ ውኃው እርስዎ ይሁኑ» አለቻት፤ እጇንም ያዘች።

እናቴ ገባች። ግን እንደ ውኃ አልፈሰሰችም። የመጀመሪያውን ልጅ ሳመችው። ቀጥሎ ያለችውን ሳመች፤ የእናቷን ጤንነት ጠየቀቻት። በግራም በቀኝም እያንዳንዱን ሳትስም አላለፈችም። ወላጆች እንደገና መሳቅ ጀመሩ፤ እሷም ትንሽ ሳቀች። ትርሲት የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ዝም ብሎ አያልፍም፤ በየህዋሱ ጨውና ስኳሩን እየተወ ነው የሚሄደው።

መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ደረሰች። ሳመችኝ። ከዚያ ወደ ኋላዬ አየት አደረገች።

«ለምን ጀርባህ ላይ? እጅህ ላይ አይሻልም ነበር?»

ነገ እነግርሻለሁ አላልኳትም። እዚያው፣ ጀርባዬን ከአንሶላው ሳላላቅቅ፣ ነገርኳት።